ስለ እንግሊዝኛ ረዳት ግሦች፦ ትንንሾቹ ቃላት የያዙት ትልቅ ሥልጣን

በዚህ አገር እስከ ዩኒቨርሲቲ የደረሰ ተማሪ ከእንግሊዝኛ ቋንቋ ጋር የተዋወቀው ገና በልጅነቱ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃና በከፍተኛ ትምህርት ቤት ደግሞ ማስተማሪያ እንዲሆን ደነገገ። ይህን ያህል ዘመን አብረነው ኖረንም ብዕር አንሥተን አንድ ገጽ ስንጽፍ መሰናከላችን አልቀረም። የሚያሰናክለን ግን ረጅሙና ከባዱ ቃል አይደለም። ከባዱን ቃል መዝገበ ቃላት ይፈታዋል። የሚጥለን ትንሹ ቃል ነው፤ «ዱ»፣ «ሀዝ»፣ «ቢን»፣ «ሹድ»፣ «ውድ» የሚባለው። እነዚህ ቃላት የእንግሊዝኛ ረዳት ግሦች ናቸው።

በዚህ ጽሑፍ የእንግሊዝኛዎቹን ቃላት እንደ ድምፃቸው በራሳችን ፊደል ጽፈናቸዋል። አንባቢ እርሳስና ደብተር ይዞ እያንዳንዱን ምሳሌ በላቲን ፊደል እየገለበጠ ቢያነብ ትምህርቱ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

አንዳንድ ሰው «መልእክቱ ከተሰማ ምን ቸገረ? ሰዋስው የመምህራን ጣጣ ነው» ይል ይሆናል። ለዚህ ሰው መልሱን ከራሳችን ታሪክ ማግኘት ይቻላል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል በአማርኛና በኢጣልያንኛ የተጻፈ ነበር። የ17ኛው አንቀጽ አማርኛ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት ለመላላክ እንደሚቻላቸው ይናገራል። ሲፈልጉ ይጠቀሙበታል፤ ሳይፈልጉ ይተዉታል ማለት ነው። የኢጣልያንኛው ጽሑፍ ግን ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ መንገድ ለመላላክ የተስማሙና የታሰሩ አስመስሎ አቀረበው። ኢጣልያም ይህን ይዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። አጤ ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፈረሱት፤ ነገሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ በደም ተቈረጠ። ለጦርነቱ ሌሎች ምክንያቶች እንደ ነበሩ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በ«ይችላል» እና በ«ግዴታ አለበት» መካከል ያለው ልዩነት የአንድ አገር ነፃነት ሊያህል እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። እንግሊዝኛ ይህን ልዩነት የሚሸከመው በረዳት ግሦቹ ላይ ነው።

1. ረዳት ግሥ ማለት ምን ማለት ነው?

ዋናው ግሥ ድርጊቱን ይናገራል፤ ረዳቱ ደግሞ የድርጊቱን ጊዜ፣ መፈጸሙንና አለመፈጸሙን፣ ግዴታነቱን ወይም ፈቃድነቱን፣ እርግጠኛነቱን ወይም አጠራጣሪነቱን ይናገራል። ይህ ነገር ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። «ሄዶ ነበር» ስንል «ነበር» ረዳት ነው። «ሊሄድ ነው»፣ «መሄድ አለበት»፣ «መሄድ ይችላል»፣ «ይሄድ ይሆናል» በምንልበት ጊዜ ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚቆመው ቃል ረዳት ግሥ ነው። እንዲያውም «ይሄዳል» የሚለው አንድ ቃል ሲፈታ «ይሄድ» እና «አለ» ነው፤ «ሄዷል» የሚለውም «ሄዶ» እና «አለ» ነው። ረዳቱ በዋናው ግሥ ተውጦ ስለ ተቀመጠ አይታየንም እንጂ አለ።

እንግዲህ ችግራችን የሚመጣው ከሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ አማርኛ ረዳቱን ከኋላ ሲያስቀምጥ እንግሊዝኛ ከፊት ያስቀድማል። ሁለተኛ፣ አማርኛ በአሉታ ጊዜ ረዳቱን ይጥላል፤ «ይሄዳል» ያለው ሰው «አይሄድም» ሲል «አለ» የሚባለው ረዳት ጠፍቷል። እንግሊዝኛ ግን በተቃራኒው በአዎንታ ያልነበረውን ረዳት በአሉታ ጊዜ ጠርቶ ያመጣል። ሦስተኛ፣ አንድ የአማርኛ ረዳት ሁለትና ሦስት የእንግሊዝኛ ረዳቶችን ደርቦ ይሠራል።

2. ሁለቱ ወገኖች

የእንግሊዝኛ ረዳት ግሦች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ወገን «ቢ»፣ «ሀቭ» እና «ዱ» ናቸው። እነዚህ ብቻቸውን ሲቆሙ ዋና ግሥም ይሆናሉ፤ እንደ ባለቤቱና እንደ ጊዜው መልካቸው ይለዋወጣል። «ቢ» ወደ «አም»፣ «ኢዝ»፣ «አር»፣ «ወዝ»፣ «ወር»፣ «ሀቭ» ወደ «ሀዝ» እና «ሀድ»፣ «ዱ» ወደ «ደዝ» እና «ዲድ» ይለወጣሉ።

ሁለተኛው ወገን «ካን»፣ «ኩድ»፣ «ሜይ»፣ «ማይት»፣ «ሻል»፣ «ሹድ»፣ «ዊል»፣ «ውድ»፣ «መስት» የሚባሉት ዘጠኙ ናቸው። እነዚህ «ኤስ» አይጨመርባቸውም፤ ከኋላቸው «ቱ» አያስከትሉም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን አይቆሙም። ስለዚህ «ሂ ካንስ ጎ»፣ «ሂ መስት ቱ ጎ»፣ «ሂ ዊል ካን ጎ» ሦስቱም ስሕተት ናቸው። ትክክለኛው «ሂ ካን ጎ»፣ «ሂ መስት ጎ»፣ «ሂ ዊል ቢ ኤብል ቱ ጎ» ነው።

የጠባያቸው ምክንያት ታሪካቸው ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ካን» ያውቃል፣ «ዊል» ይፈልጋል፣ «ሻል» ዕዳ አለበት የሚል ፍቺ የነበራቸው ሙሉ ግሦች ነበሩ። አብዛኞቹም ከጥንት ጀምሮ የኃላፊ ጊዜ መልክ የያዙ ስለ ነበሩ ለሦስተኛ ሰው የሚጨመረው «ኤስ» ሳይነካቸው ቀረ። ታሪኩን የያዘ ተማሪ ሕጉን አይረሳም።

3. ሦስቱ ሕጎች

አንደኛው ሕግ፦ ጊዜን የሚሸከመው የመጀመሪያው ረዳት ብቻ ነው። «ዲድ» ኃላፊ ጊዜን ከተሸከመ ዋናው ግሥ ሸክሙን አራግፎ በመነሻ መልኩ ይቆማል። «ዲድ ሂ ዌንት?» ማለት ለአንድ ሸክም ሁለት አህያ መጫን ነው። «ዲድ ሂ ጎ?» ይባላል። እንደዚሁም «ሺ ደዝ ኖት ኖውስ» ሳይሆን «ሺ ደዝ ኖት ኖው» ነው፤ «ኤስ» ን «ደዝ» ወስዶታልና።

ሁለተኛው ሕግ፦ እያንዳንዱ ረዳት ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣውን ግሥ መልክ ያዛል። ከ«ዱ» እና ከዘጠኙ ረዳቶች በኋላ መነሻው መልክ ይመጣል። ከ«ሀቭ» በኋላ ሦስተኛው መልክ ይመጣል፤ «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» ብለን ስንቆጥር «ጎን» የሚለው ማለት ነው። ከ«ቢ» በኋላ ድርጊቱ በመካሄድ ላይ ከሆነ «ኢንግ» የተጨመረበት መልክ፣ ግሡ ተደራጊ ከሆነ ደግሞ ሦስተኛው መልክ ይመጣል።

ይህን በአንድ ምሳሌ እንፈትሽ። «ደብዳቤው ተሰርቆ ይሆናል» የሚለው በእንግሊዝኛ «ዘ ሌተር ሜይ ሀቭ ቢን ስቶለን» ነው። «ሜይ» ከዘጠኙ አንዱ ስለሆነ ቀጥሎ «ሀቭ» በመነሻ መልኩ መጣ፤ «ሀዝ» አልተባለም። «ሀቭ» ደግሞ ሦስተኛ መልክ ስለሚያዝ «ቢ» ወደ «ቢን» ተለወጠ። «ቢን» የተደራጊ ረዳት ስለሆነ «ስቲል» ወደ «ስቶለን» ተለወጠ። እንደ ሰንሰለት ቀለበት አንዱ ሌላውን ይይዛል። ረጅም ዐረፍተ ነገር ሲያስፈራችሁ ከመጀመሪያው ቀለበት ጀምራችሁ አንድ በአንድ ቁጠሩ።

ሦስተኛው ሕግ፦ ለጥያቄ የመጀመሪያው ረዳት ከባለቤቱ ፊት ይዘላል፤ ለአሉታ «ኖት» ከመጀመሪያው ረዳት ቀጥሎ ይቀመጣል። «ሺ ሀዝ ፊኒሽድ» ሲጠየቅ «ሀዝ ሺ ፊኒሽድ?»፣ ሲካድ «ሺ ሀዝ ኖት ፊኒሽድ» ይሆናል። ምንም ረዳት ከሌለ «ዱ» ይጠራል። እስከ 16ኛውና 17ኛው ምዕተ ዓመት ድረስ እንግሊዞች ራሳቸው ያለ «ዱ» «አይ ኖው ኖት» ይሉ ነበር። ዛሬ ግን ይህ ቀርቶ «አይ ዱ ኖት ኖው» ብቻ ነው።

ነገር ግን ጥያቄው በሌላ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ረዳቱ ወደ ቦታው ይመለሳል። «የት እንዳለ አላውቅም» ለማለት «አይ ዱ ኖት ኖው ዌር ኢዝ ሂ» አይባልም፤ «ዌር ሂ ኢዝ» ነው። ይህ ስሕተት በተማሪ የምርምር ጽሑፍ ውስጥ ጥናቱ የሚመልሰው ጥያቄ በሚዘረዘርበት ቦታ ደጋግሞ ይታያል።

4. አማርኛችን የሚያሳስተን ቦታ

ሀ. «የለበትም»። በዚህ አንድ ቃል ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮችን እንናገራለን። «መሄድ የለበትም» ማለት መሄድ ተከልክሏል ማለትም ይሆናል፤ መሄድ አይገደድም፣ ቢቀርም ግድ የለም ማለትም ይሆናል። እንግሊዝኛ ለይቶ ይናገራል። ክልከላው «መስት ኖት»፣ ግዴታ አለመኖሩ «ደዝ ኖት ሀቭ ቱ» ነው። ቴትራሳይክሊን የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ በሽተኛ ከወተት ጋር እንዳይወስደው ይመከራል፤ በወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም መድኃኒቱን ይዞ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግደዋልና። ይህን ለመንገር «ዩ መስት ኖት ቴክ ኢት ዊዝ ሚልክ» መባል አለበት። «ዩ ዱ ኖት ሀቭ ቱ ቴክ ኢት ዊዝ ሚልክ» ከተባለ ግን በሽተኛው «ከወተት ጋር ብወስደውም ባልወስደውም ግድ የለም» ብሎ ይተረጕመዋል። የነገ ሐኪሞችና የመድኃኒት ባለሙያዎች ይህን ልብ በሉ።

ለ. «ነበረበት»። «ገንዘብ ያዡ ገንዘቡን መክፈል ነበረበት» የሚል ቃለ ጉባኤ ቢጻፍ ገንዘብ ያዡ ከፍሏል ወይስ አልከፈለም? በአማርኛ የሚፈታው ከፊትና ከኋላ ያለው ንግግር ነው። በእንግሊዝኛ ግን «ሂ ሀድ ቱ ፔይ» ከተባለ ግዴታ ሆኖበት ከፈለ ማለት ነው፤ «ሂ ሹድ ሀቭ ፔይድ» ከተባለ ደግሞ መክፈል ሲገባው አልከፈለም የሚል ወቀሳ ነው። አንዱ ሪፖርት ነው፤ ሌላው ክስ ነው። ረዳቱን ያምታታ ጸሐፊ ንጹሑን ሰው ሊያስወቅስ፣ ጥፋተኛውንም ሊያድን ይችላል።

ሐ. «ቻለ»። አማርኛ «መዋኘት ይችል ነበር» እና «በመጨረሻ ወንዙን መሻገር ቻለ» ሲል በአንድ ግሥ ነው። እንግሊዝኛ በኃላፊ ጊዜ ለነበረ ጠቅላላ ችሎታ «ኩድ» ይላል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ለተፈጸመ ድርጊት ግን «ወዝ ኤብል ቱ» ይመርጣል። ስለዚህ «ሂ ኩድ ስዊም» ትክክል ነው፤ ለሁለተኛው ግን «ሂ ወዝ ኤብል ቱ ክሮስ ዘ ሪቨር» ማለት ይገባል። በአሉታ ጊዜ «ኩድ ኖት» ለሁለቱም ይሠራል።

መ. የቅርብ ኃላፊና ቁርጥ ያለ ቀን። በአማርኛ «ትናንት መጥቷል» ብንል ማንም አይቃወመንም። ይህን በቀጥታ በመገልበጥ «ሂ ሀዝ ከም የስተርዴይ» ብሎ መጻፍ ግን ስሕተት ነው። ቀኑ ተቈርጦ ከተነገረ «ሀዝ» ይወገዳል፤ «ሂ ኬም የስተርዴይ» ይባላል። «ሀዝ» የሚመጣው ቀኑ ሳይነገር ውጤቱ ዛሬም ሲታይ ነው። እንዲሁም «አልመጣም» የሚለው «ዲድ ኖት ከም» ወይም «ሀዝ ኖት ከም» ሊሆን ስለሚችል «ትናንት አልመጣም» እና «ገና አልመጣም» የሚሉትን ለይቶ መተርጐም ያስፈልጋል።

ሠ. «አም» የ«አይ» ጥላ አይደለም። «አይ አም አግሪ» የሚል ዐረፍተ ነገር በየደብተሩ ይገኛል። «አግሪ» ግሥ ስለሆነ በመነሻ መልኩ ሳለ «አም» አያስፈልገውም፤ «አይ አግሪ» በቂ ነው። በሌላ በኩል «ተወለድሁ» ለማለት «ቢ» የግድ ነው፤ ነገር ግን ጊዜው ስላለፈ «አይ ወዝ ቦርን» እንጂ «አይ አም ቦርን» አይባልም።

ረ. «ቢሆን ኖሮ»። «ቢመጣ ኖሮ እነግረው ነበር» የሚለው «ኢፍ ሂ ሀድ ከም፣ አይ ውድ ሀቭ ቶልድ ሂም» ነው። የአማርኛው «ኖሮ» ባለበት ወገን «ሀድ»፣ «ነበር» ባለበት ወገን «ውድ ሀቭ» እንደሚቆም አስተውሉ። በ«ኢፍ» ወገን «ውድ» ማስገባት በጽሑፍ እንደ ስሕተት ይቈጠራል።

ሰ. «አዎ» እና «የለም»። «አላየኸውም?» ተብሎ የተጠየቀ አማርኛ ተናጋሪ ብዙ ጊዜ «አዎ፣ አላየሁትም» ይላል። «አዎ» ማለቱ «እንዳልኸው ነው» ለማለት ነው። በእንግሊዝኛ ግን «የስ» የሚከተለው አዎንታ፣ «ኖ» የሚከተለው አሉታ ብቻ ነው። «ዲድንት ዩ ሲ ሂም?» ለሚለው ላላየ ሰው መልሱ «ኖ፣ አይ ዲድንት» ነው። በውጭ አገር በፍርድ ቤት ወይም በስደተኞች ጉዳይ መርማሪ ፊት የቀረበ ሰው «የስ» ብቻ ብሎ ዝም ቢል «አይቼዋለሁ» ብሎ እንደ መሰከረ ሊመዘገብበት ይችላል። ስለዚህ በ«የስ» ወይም በ«ኖ» ብቻ አትቁሙ፤ ረዳቱን አስከትሉት። ረዳቱ ምስክራችሁ ነው።

5. በሕግ ጽሑፍ

ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. ሲቋቋም ጀምሮ ሕጎቻችን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ሲወጡ ኖረዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ106ኛው አንቀጹ የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ መሆኑን ይደነግጋል። ቢሆንም ተማሪውም ጠበቃውም እንግሊዝኛውን ስለሚያነብ የረዳት ግሦቹን ትርጉም ማወቅ አለበት። በሕግ «ሻል» ግዴታን፣ «ሜይ» ፈቃድን ወይም ሥልጣንን፣ «ሻል ኖት» ክልከላን ያመለክታሉ። ዳኛው «ሜይ ኦርደር» ከተባለ ማዘዝም መተውም ይችላል፤ «ሻል ኦርደር» ከተባለ ምርጫ የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በአዋጆቻችን መጨረሻ «የጸና ይሆናል» ሲባል «ይሆናል» የ«ሻል» ቦታ የያዘ ቁርጥ ድንጋጌ ነው። በዕለት ንግግር «ይመጣ ይሆናል» ስንል ግን ያው ቃል ጥርጣሬን ያሳያል፤ በእንግሊዝኛ «ሜይ» ነው። ተርጓሚው ቃሉን ብቻ አይቶ ቦታውን ካልመረመረ ሕጉን ወደ ግምት ይለውጠዋል።

«ሻል» ራሱም ዛሬ ከጥንቱ ክብሩ ዝቅ ብሏል። የቀድሞ የሰዋስው መጻሕፍት ለ«አይ» እና ለ«ዊ» «ሻል»፣ ለሌሎቹ «ዊል» እንዲባል ያስተምሩ ነበር። ዛሬ ለትንቢት ጊዜ በሁሉም ዘንድ «ዊል» ይበቃል፤ «ሻል» በእንግሊዞች ንግግር «ሻል አይ ኦፕን ዘ ዊንዶው?» እንደሚለው ላለ ጥያቄ ቀርቷል። የአሜሪካ ፌዴራል የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንቦችም በፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 በአዲስ አጻጻፍ ሲወጡ «ሻል» ብዙ ትርጉም እየያዘ ስላወዛገበ ተወግዶ ለግዴታ «መስት» ተተክቷል። የቋንቋው ባለቤቶች እንኳ በረዳት ግሥ ጉዳይ እንዲህ ከተጨነቁ እኛ ልንንቀው አይገባም።

6. መልመጃ

የሚከተሉትን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ። መልሱን ከማየታችሁ በፊት በደብተራችሁ ጻፉ።

(1) መጻሕፍቱ ገና አልተመለሱም።
(2) ዳኛው ፋይሉን አላዩት ይሆናል።
(3) የት እንደምትኖር አላውቅም።
(4) ቀደም ብለህ ብትነግረኝ ኖሮ እረዳህ ነበር።
(5) ነገ ፈተና ስለሌለ ዛሬ ማጥናት የለብንም።
(6) ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን መፈረም ነበረበት፤ ግን አልፈረመም።

መልስ፦
(1) ዘ ቡክስ ሀቭ ኖት ቢን ሪተርንድ ዬት።
(2) ዘ ጀጅ ሜይ ኖት ሀቭ ሲን ዘ ፋይል።
(3) አይ ዱ ኖት ኖው ዌር ሺ ሊቭስ።
(4) ኢፍ ዩ ሀድ ቶልድ ሚ ኧርሊየር፣ አይ ውድ ሀቭ ሄልፕድ ዩ።
(5) ዜር ኢዝ ኖ ኤግዛም ቱሞሮው፣ ሶ ዊ ዱ ኖት ሀቭ ቱ ስተዲ ቱዴይ።
(6) ዘ ሴክሬታሪ ሹድ ሀቭ ሳይንድ ዘ ሚኒትስ፣ በት ሂ ዲድ ኖት።

በ(5)ኛው «መስት ኖት» የጻፈ ተማሪ ማጥናትን ከልክሏል ማለት ነውና ክፍል 4 ሀን እንደገና ያንብብ። በ(6)ኛው «ሀድ ቱ ሳይን» የጻፈ ደግሞ ጸሐፊው ፈርሟል ካለ በኋላ ወዲያው አልፈረመም በማለቱ ራሱን ተቃርኗል።

በመጨረሻ አንድ የሥራ ምክር እንስጥ። ጽሑፋችሁን ጨርሳችሁ ከማስረከባችሁ በፊት አንድ ጊዜ ለረዳት ግሦች ብቻ ብላችሁ መልሳችሁ አንብቡት። በየግሡ ሥር መስመር አስምሩና ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፤ ጊዜውን የተሸከመው አንድ ብቻ ነውን? እያንዳንዱ ረዳት የሚያዘው መልክ ተከትሎታልን? ይህ ረዳት የሚናገረው እኔ ያሰብኩትን ግዴታ፣ ፈቃድ ወይም ጥርጣሬ ነውን? ለአንድ ገጽ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ይህን ልማድ ያደረገ ተማሪ የሰው ቋንቋ ተውሶ የራሱን ሐሳብ በትክክል መናገር ይችላል፤ ነገ ውል ሲፈርም፣ መድኃኒት ሲያዝ ወይም ሕግ ሲተረጕምም ሌላው ሰው ባላሰበው ትርጉም አያስረውም።